ለሕክምናና ለችግር ጊዜ የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ድጋፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአገራችን ለታመመና ለተቸገረ ሰው የሚሰጠው ድጋፍ በአብዛኛው በበሽታ ዓይነት የተከፋፈለ ነው። ልብ የሚያክመው ተቋም ካንሰርን አይመለከትም፤ ለኩላሊት ሕመምተኞች የቆመው ማኅበርም ለተሰበረ እግር አይደርስም። ስለዚህ አቅም ያነሰው ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው በሐኪም ተጽፎ የተፈረመበት የምርመራ ውጤት ነው። የበሽታው ስም ከታወቀ የሚንኳኳው በር ይታወቃል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ሕመምተኛና ለአስታማሚው የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ ከውጭ አገር ሆነው ለመርዳት ለሚፈልጉም ቦታ ተሰጥቷል።

ገንዘብ ከማሰባሰባችን በፊት ወዴት እንሂድ?

በቅድሚያ ሕክምናው ከመጀመሪያውም ክፍያ የማይጠየቅበት እንደሆነ ማጣራት ይገባል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድና የእርግዝና ክትትል፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና እና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። ቀጥሎ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መታየት አለበት። ይህ መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በአብዛኞቹ ወረዳዎች የሚሠራበት ሲሆን፣ አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው ቤተሰቡ በሙሉ የሚታከምበት ነው። መዋጮውን ለመክፈል ፈጽሞ አቅም የሌላቸው ነዋሪዎች በቀበሌያቸው ተለይተው መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከታመመ በኋላ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ወቅት ብቻ ስለሚካሄድ ያን ጊዜ ጠይቆ ወዲያው ማግኘት ያስቸግራል።

ሕመምተኛው በድንገተኛ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ስለ ወረቀት ማሰብ አያስፈልግም። በአቅራቢያው ያለ ጤና ተቋም ቅድሚያ ክፍያ ሳይጠይቅ ድንገተኛ ሕክምና የመስጠት ግዴታ አለበት። አደጋው በመኪና የደረሰ ከሆነ ደግሞ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት የድንገተኛ ሕክምናውን ወጪ የተሽከርካሪው መድን ሰጪ ይሸፍናል፤ ገጭቶ ያመለጠ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነ የመድን ፈንዱ ይተካል። አዋጁ ሲወጣ ለድንገተኛ ሕክምና የተወሰነው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር፤ ለከባድ አደጋ ይህ በቂ እንዳልሆነ ማንም ይረዳዋል፣ ነገር ግን የአካል ጉዳትና የሞት ካሣ ከዚህ የተለየ በመሆኑ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ማስወጣትና ማስቀመጥ ፈጽሞ መዘንጋት የለበትም።

የጤና መድን ካለን ተጨማሪ እርዳታ ለምን ያስፈልገናል?

መድኑ የማይሸፍናቸው ነገሮች ስላሉ ነው። የውጭ አገር ሕክምና፣ የአካል ክፍል ንቅለ ተከላ፣ የመነጽርና የሰው ሠራሽ ጥርስ ወጪ እንዲሁም ለዘለቄታው የሚደረግ የኩላሊት እጥበት በመድኑ አይካተቱም። በተጨማሪም መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ለሚሄድ ሰው ነው፤ ጤና ጣቢያውን ዘልሎ በቀጥታ ሆስፒታል የገባ ሰው ከኪሱ ይከፍላል።

ከዚህ ሁሉ ግን ቤተሰብን የሚያራቁተው በሒሳብ መጠየቂያው ላይ የማይጻፈው ወጪ ነው። ከክልል ወደ አዲስ አበባ የተላከ ሕመምተኛ የአልጋ ቤት ኪራይ፣ የአስታማሚ ቀለብና የመመላለሻ ትራንስፖርት አለበት፤ ቀጠሮው ለሦስት ሳምንት ሲራዘም እነዚህ ወጪዎችም አብረው ይራዘማሉ። የታዘዘው መድኃኒት በሆስፒታሉ ፋርማሲ ከሌለም ከውጭ ይገዛል። ይህ ሲያጋጥም መድኃኒቱ እንደሌለ በሆስፒታሉ ማኅተም አስረግጦ መድኑ ውል ወደገባባቸው መድኃኒት ቤቶች፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ወደ ከነማ፣ መሄድ ይሻላል። ማኅተም የሌለበት ማዘዣ ይዞ ከግል መድኃኒት ቤት የገዛ ሰው ገንዘቡን ለማስመለስ ይቸገራል።

የነጻ ሕክምና ደብዳቤ እንዴት ይገኛል?

ደብዳቤው የሚሰጠው ሕመምተኛው ከሚኖርበት ቀበሌ ወይም ወረዳ ነው። የነዋሪነት መታወቂያ፣ ሕመሙን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ እና እንደየአካባቢው አሠራር ስለ ቤተሰቡ አቅም የሚመሰክሩ ጎረቤቶች ይጠየቃሉ። በተከራዩት ቤት መታወቂያ ያላወጡ ሰዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ የቀድሞ ወረዳቸው ለቀዋል ይላቸዋል፣ አዲሱ ደግሞ ነዋሪዬ አይደሉም ይላቸዋል። እንዲህ ካጋጠመ ከቀድሞው ወረዳ መሸኛ አስጽፎ መምጣት ብቸኛው መፍትሔ ነው። ብዙ ሆስፒታሎች የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል አላቸው፤ ደብዳቤው እስኪደርስ ድረስ ሕመምተኛው እንዳይጉላላ በቅድሚያ እነርሱን ማነጋገር ይጠቅማል። የነጻ ሕክምና ደብዳቤ ያለው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲያሳይ እንመክራለን፤ ከተከፈለ በኋላ የቀረበ ደብዳቤ የተከፈለውን አያስመልስም።

ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚያክሙ ተቋማት የትኞቹ ናቸው?

በወሊድ ጊዜ በደረሰባቸው ጉዳት ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃታቸው እናቶች ወደ ሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል መሄድ ይችላሉ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በ1974 ያቋቋሙት ይህ ሆስፒታል እስከ ዛሬ ቀዶ ሕክምናውን በነጻ ይሰጣል። በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱም ማዕከላት ስላሉት አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ግዴታ አይደለም። ይህን ደጋግመን የምንለው ችግሩ ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ በኀፍረት ከቤት ስለማትወጣና ሕክምና መኖሩን የሚነግራት ሰው ስለማታገኝ ነው።

በልብ ሕመም ለተያዙ ልጆች ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ አለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጆቹን ወደ ውጭ አገር እየላከ ያሳክም ነበር፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በተሠራው ማዕከል ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ልጁ ዛሬ ደኅና ቢመስልም መመዝገብ ነገ አይባልም። ከልብ ሕመሞቹ ብዙዎቹ በወቅቱ ካልታከመ የቶንሲል ሕመም የሚመነጩ ናቸው፤ ፔኒሲሊን የታዘዘለት ልጅ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ማድረግ ከማንኛውም የቀዶ ሕክምና ርዳታ የረከሰ ነው።

የተቆለመመ እግር፣ የተጣመመ ጉልበት ወይም ከቃጠሎ በኋላ የተጣበቀ አካል ያለባቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በአዲስ አበባ በሚገኘው ኪዩር ሆስፒታል ይታከማሉ። ለከንፈርና ለላንቃ መሰንጠቅ ደግሞ የካቲት 12 ሆስፒታልን ጨምሮ ስማይል ትሬን ከተባለው ድርጅት ጋር የሚሠሩ ሆስፒታሎች አሉ። የዓይን ሞራ ግርዶሽና በትራኮማ ምክንያት ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት በየክልሉ በዘመቻ በነጻ ይሠራሉ፤ ዘመቻው መቼና የት እንደሚሆን የሚነግረው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው።

ጠዋሪ የሌላቸው አረጋውያንና ጎዳና ላይ የወደቁ የአእምሮ ሕሙማን በአቶ ቢንያም በለጠ ወደተመሠረተው መቄዶንያ ይወሰዳሉ። ከዐረብ አገር በሕመም ተጎድተው ለተመለሱ ሴቶች መጠለያ ከሚሰጡት አንዱ አጋር ኢትዮጵያ ነው። በሽታቸው የጠናና የሚያስታምማቸው የሌለ ሰዎችን የእማሆይ ትሬዛ እኅቶች በስድስት ኪሎ ይቀበላሉ።

የካንሰር ሕመምተኛ ምን ዓይነት ድጋፍ ያገኛል?

ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ስለነበር፣ የካንሰር ሕመምተኛ ከባዱ ጥያቄ አዲስ አበባ ውስጥ ወረፋውን እየጠበቀ የት ያድራል የሚለው ነበር። ይህን ችግር በቅርብ የሚያውቀው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ትንሽ ልጃቸውን በደም ካንሰር ባጡ ወላጆች ሲሆን፣ ከክልል ለሚመጡ ሕመምተኞች ማረፊያ ይሰጣል፤ ለመድኃኒት፣ ለምርመራና ለትራንስፖርትም እንደ አቅሙ ያግዛል። ለካንሰር ሕሙማን ልጆችና ለወላጆቻቸው ደግሞ እንዲሁ በወላጆች የተቋቋመው ተስፋ አዲስ ማረፊያና ምግብ ያቀርባል። ሁለቱም ዘንድ የሚኬደው በሆስፒታሉ የካንሰር ክፍል የተሰጠ የክትትል ካርድና ማስረጃ ተይዞ ነው።

የኩላሊት እጥበትስ?

እውነቱን ለመናገር በዚህ ረገድ ያለው ድጋፍ ከችግሩ ጋር አይመጣጠንም። እጥበት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ያለማቋረጥ የሚደረግ በመሆኑ አንድ ጊዜ የተሰበሰበ ገንዘብ ዘላቂ መፍትሔ ሊሆን አይችልም። የኩላሊት ሕመምተኞች እጥበት በጎ አድራጎት ድርጅት ሕሙማኑን በማስተባበርና ድጋፍ በማፈላለግ ይሠራል፤ በመንግሥት ሆስፒታሎች ያለው እጥበትም ከግሉ በብዙ ይረክሳል፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ንቅለ ተከላ ስለጀመረ፣ ኩላሊት ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነ የቅርብ ዘመድ ያለው ሕመምተኛ የሚሰበሰበውን ገንዘብ በእጥበት ከመጨረሱ በፊት በዚያ በኩል ያለውን ዕድል ከሐኪሙ ጋር ቢመካከር መልካም ነው።

ሲያመለክቱ የትኞቹ ማስረጃዎች ይጠየቃሉ?

ከድርጅት ድርጅት ጥቂት ልዩነት ቢኖርም መሠረታዊዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። የመጀመሪያው ከሦስት ወር ያልበለጠ የሐኪም ማስረጃ ሲሆን የበሽታው ስም፣ የሚያስፈልገው ሕክምናና የሐኪሙ ፊርማ ከሆስፒታሉ ማኅተም ጋር ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው ሕክምናው የሚጠይቀውን ገንዘብ የሚያሳይ የዋጋ ማቅረቢያ ነው። ሦስተኛው የሕመምተኛውና የአስታማሚው መታወቂያ፣ አራተኛው ደግሞ ከወረዳ የተጻፈ የአቅም ማነስ ማስረጃ ነው። በማስረጃው ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በካርዱ ላይ «ወርቅነሽ» ተብሎ በመታወቂያው ላይ «ወርቄ» ከሆነ ጉዳዩ እስኪጣራ ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

ዋናውን ወረቀት ለማንም አሳልፎ መስጠት አይገባም። አስታማሚዎች ዘንድ የሚታየው በኤክስሬይ ፌስታል ውስጥ የተጠቀለለ፣ በዝናብና በላብ የደበዘዘ ወረቀት ብዙ ጊዜ እንደገና ለማስጻፍ ያስገድዳል፤ እንደገና ማስጻፍ ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ማለት ነው። እያንዳንዱን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥቶ ለሌላ የቤተሰብ አባል መላክና ቅጂውን ብቻ ማስረከብ ይህን ጣጣ ያስቀራል።

ድጋፉ በጥሬ ገንዘብ በእጃችን ይሰጠናል?

በአብዛኛው አይሰጥም። ድርጅቶች ክፍያውን በቀጥታ ለሆስፒታሉ ወይም ለመድኃኒት አቅራቢው መፈጸምን ይመርጣሉ፤ ለትራንስፖርትና ለቀለብ የሚሰጠው መጠነኛ ገንዘብ ብቻ በእጅ ሊሰጥ ይችላል። አንዳንድ ቤተሰቦች ይህን እንደ አለመታመን ይቆጥሩታል። ነገር ግን በእጅ የገባ የሕክምና ገንዘብ በዚያው ሰሞን ለልጆች ትምህርት ቤት ወይም ለቤት ኪራይ ዕዳ ሲውል የሚያጋጥም ነው፤ ቤተሰቡ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ችግሩ ብዙ ስለሆነ ነው። ክፍያው በቀጥታ መፈጸሙ ሕመምተኛውን ከዚህ ይጠብቀዋል።

ሕመም ባይኖርም ኑሮው ለከበደን ምን አለ?

ሥራ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና አሳዳጊ ለሌላቸው ልጆች የልማታዊ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ አለ። በገጠር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ወደ ከተሞች የመጣው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ነው። በአዲስ አበባ የተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከላት በቀን አንድ ጊዜ ምግብ ይሰጣሉ። ከዚህ ውጭ ያለው ድጋፍ የሚገኘው ከሰበካ ጉባኤ፣ ከመስጊድና ከየሰፈሩ ማኅበራት ነው። ዘካ ለድኻ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ዕዳ የከበደውም ሰው ዘካ ከሚገባቸው ወገኖች አንዱ ነው።

ዕድራችን ለሕክምና ሊረዳን ይችላል?

በመተዳደሪያ ደንቡ ይወሰናል። አብዛኛው ዕድር የቆመው ለቀብርና ለለቅሶ ነው፤ ለአባሉ በሕይወት እያለ የሚከፍሉበት ድንጋጌ የላቸውም። ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመ አባል ብድር ወይም ልዩ መዋጮ የፈቀዱም አሉ። ሰው ሲሞት አስከሬን የሚያሳርፍ ገንዘብ ያለው ማኅበር፣ ያው ሰው በሕይወት እያለ መድኃኒት አጥቶ ሲቸገር እጁን መሰብሰቡ ለውይይት የሚበቃ ጉዳይ ነውና አባላት በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ቢያነሡት ተገቢ ነው።

ለውጭ አገር ሕክምና ገንዘብ ለማሰባሰብ ምን ይቅደም?

የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ ይቅደም። ሕክምናው በአገር ውስጥ እንደማይገኝ የሚያረጋግጠው ይህ ሰነድ ነው፤ ለባንክ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄም ሆነ ለለጋሾች የሚቀርበው እርሱ ነው። ቦርዱ ሕክምናው እዚሁ ይሰጣል ካለ ውሳኔውን መቀበል ቢያሳዝንም ብዙ ገንዘብና ጊዜ ያድናል። ከዚያ የውጭው ሆስፒታል የጻፈው የዋጋ ግምት ይጠየቃል። ግምቱ የአልጋውንና የቀዶ ሕክምናውን ብቻ ይዞ የአስታማሚውን ማረፊያ፣ የአውሮፕላን ቲኬትና ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን ክትትል የሚያስቀር ከሆነ በመሀል ገንዘብ ማለቁ አይቀርም።

ወደ ሕዝብ ወጥተን እርዳታ ከጠየቅን ሒሳቡ እንዴት ይያዝ?

በአንድ ሰው ስም ባይሆን ይመረጣል። ከቤተሰቡ አንድ፣ ከዕድሩ ወይም ከመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሰዎች ተመርጠው በጋራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ቢከፈት በኋላ የሚነሣውን ሐሜት ያስቀራል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለቀቀው ጽሑፍ የሒሳብ ቁጥሩን፣ የባለ ሒሳቦቹን ስም፣ የሚፈለገውን ጠቅላላ ገንዘብ እና እስካሁን የተሰበሰበውን ይግለጽ። የሕመምተኛው፣ በተለይም የሕፃን፣ ቁስልና እርቃን የሚታይበት ፎቶ መለጠፍ ተገቢ አይደለም፤ ልጁ አድጎ ያየዋል። አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ሕመምተኞችን ፎቶ ወስደው የራሳቸውን ሒሳብ ቁጥር እንደሚያስገቡ ስለሚታወቅ፣ ቤተሰቡ የሒሳብ ቁጥሩን በፎቶው ላይ ጽፎ ቢለቅ ጉዳቱ ይቀንሳል። ለጋሹም ከመላኩ በፊት በሒሳቡ ላይ የሚመጣው ስም ከተገለጸው ጋር አንድ መሆኑን ይይ።

የምንኖረው በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ነው፤ እንዴት ብንረዳ ይሻላል?

በኢንተርኔት ገንዘብ የሚሰበሰብበት ጎፈንድሚ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ባንክ ገንዘብ አያወጣም፤ ስለዚህ ዘመቻውን የሚከፍተው ባለበት አገር ሒሳብ ያለው ሰው ነው፣ ገንዘቡን ለቤተሰቡ የማድረስ ኃላፊነትም የእርሱ ይሆናል። ለአንድ ግለሰብ የሚሰጥ ስጦታ በአሜሪካ ከግብር አይቀነስም፤ በእንግሊዝም መንግሥት በስጦታው ላይ የሚጨምረው፣ ጊፍት ኤይድ የተባለው 25 በመቶ የሚገኘው ለተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ሲሰጥ ብቻ ነው። በየወሩ ጥቂት መስጠት የሚፈልግ ሰው እዚያ ተመዝግበው ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚሠሩ ሆስፒታሎች ገንዘብ ለሚያሰባስቡ ድርጅቶች ቢሰጥ የተሻለ ውጤት ያገኛል። የሚያውቁትን ሕመምተኛ ለመርዳት ግን የሆስፒታሉን የዋጋ ማቅረቢያ አስልኮ በሆስፒታሉ ሒሳብ መክፈልና ደረሰኙን መጠየቅ ይቻላል፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም።

አንድ ድርጅት እውነተኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?

በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተሰጠ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ጠይቆ ማየት ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 የድርጅቱ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ የሒሳብ ሪፖርቱን ለማሳየት የሚያመነታ ድርጅት ቢያጋጥም መጠርጠር ተገቢ ነው። ለማመልከቻ ወይም «ጉዳይ ለማስፈጸም» ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ከየትኛውም ድርጅት ቢመጣ እርዳታ ሰጪ አይደለም።

ማመልከቻችን ውድቅ ቢደረግስ?

ምክንያቱን መጠየቅ መብት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የወረቀት ጉድለት፣ በጀት ማለቁ ወይም ሕመሙ ከድርጅቱ ዓላማ ውጭ መሆኑ ነው። ወረቀት ከጎደለ ይሟላል፤ በጀት ካለቀ አዲሱ የበጀት ዓመት መቼ እንደሚጀምር ተጠይቆ ይመለሳል፤ ዓላማው ካልገጠመ ወደሚገጥመው እንዲመሩ ይጠየቃል።

የተሰበሰበው ገንዘብ ቢተርፍ ወይም ሕመምተኛው ሳይታከም ቢያርፍ ገንዘቡ የማን ነው?

ይህ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግን ከለቅሶው በኋላ፣ ዘመድ ከዘመድ መነጋገር ሲያቅተው ነው። ገንዘቡ ለሕክምና ተብሎ የተሰጠ ስለሆነ እንደ ተራ ውርስ ሊቆጠር አይገባም። ኮሚቴው ሒሳቡን በሚከፍትበት ቀን በአንድ ገጽ ቃለ ጉባኤ የሚተርፈው ገንዘብ ለየትኛው ሆስፒታል ወይም ለየትኛው ተመሳሳይ ሕመምተኛ እንደሚተላለፍ፣ ከእርሱስ ምን ያህሉ ለቀብርና ለልጆች ማሳደጊያ እንደሚቀር ይጻፍ፤ ሦስቱም ፈራሚዎች ይፈርሙበት፤ ያው አንቀጽ ለለጋሾች በሚሠራጨው ጽሑፍ ግርጌ ይግባ።